ኦፕራሲዮን አይሆንም ከተባለ በኋላ፦ ከወሎ ሆኖ የሳንባ ካንሰር ህክምናን መምረጥ

ሐኪሙ ሲቲ ስካኑን አይቶ «ይሄ በኦፕራሲዮን የሚወጣ አይደለም» ሲል ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። «አብቅቷል፣ ወደ ቤት ውሰዷቸው» የተባለ ይመስለዋል። እንደዚያ አልተባለም። በሀብታም አገርም ቢሆን አብዛኛው የሳንባ ካንሰር ታካሚ የሚታከመው ያለ ቀዶ ህክምና ነው።

ኦፕራሲዮን የማይደረግባቸው ምክንያቶች ይለያያሉ። እጢው ከትልልቅ የደም ስሮች ጋር ተጣብቆ ይሆናል። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሄዶ ይሆናል። ወይም እጢው ትንሽ ሆኖ፣ ታካሚው በዕድሜ ወይም በልብ ሕመም የተነሳ ከሳንባው ሲቆረጥ የሚቋቋም አይሆንም። እነዚህ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ህክምና ነው የሚያስፈልጋቸው። ስለዚህ «የቱ መድኃኒት ጠንካራ ነው?» ብሎ መጀመር የትም አያደርስም።

እኔ አማራጮቹን የማነጻጽርበት ዋናው መለኪያ ታካሚው ጀምሮ የሚጨርሰው የትኛውን ነው የሚለው ነው። ከመካነ ሰላም ወይም ከላሊበላ ለሚነሳ ሰው ይህ ጥያቄ ከመድኃኒቱ ስም አያንስም። በሦስተኛው ሳምንት ስንቅ አልቆ የተቋረጠ ትልቅ ህክምና፣ እስከ መጨረሻው ከተወሰደ ቀለል ያለ ህክምና ያነሰ ሊጠቅም ይችላል።

መጀመሪያ ወረቀቱ ይሟላ

«የጎረቤታችን ወንድም ኬሞ ወስዶ ተሽሎታል፣ እኛም ኬሞ ይሰጠን» የሚል ብዙ ነው (ኬሞ የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት ነው)። የጎረቤት ወንድም የያዘው ሌላ ዓይነት ካንሰር ሊሆን ይችላል።

መታወቅ ያለባቸው ነገሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ዓይነቱ ነው። ከ100 የሳንባ ካንሰር ታካሚ 85 ያህሉን የሚይዘው ሐኪሞች ኖን ስሞል ሴል የሚሉት ነው። የቀሩት 15 ያህሉ ስሞል ሴል የሚባለው ይይዛቸዋል። ስሞል ሴል በጣም ፈጣን ነው፤ ከጅምሩም ለኦፕራሲዮን የሚመች እምብዛም አይደለም። ሁለተኛው ደረጃው ነው፤ ከ1 እስከ 4 ይቆጠራል፣ 4 ማለት ወደ ሌላ አካል ሄዷል ማለት ነው። ሦስተኛው የታካሚው አቅም ነው። ከቀኑ ከግማሽ በላይ ከአልጋ ውጭ ናቸው? ራሳቸውን ችለው ይታጠባሉ፣ ይለብሳሉ? ሐኪሙ ይህን ሲጠይቅ ወግ እየጀመረ እንዳይመስላችሁ። ኬሞ ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለውን ከዕድሜ ይልቅ የሚወስነው ይሄ ነው። ስለዚህ «ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ» ብላችሁ አትለፉት፤ እውነቱን ንገሩት።

ዓይነቱን ለይቶ የሚናገረው ከእጢው በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚይዘው ፍርሃት አለ፤ «መርፌ ከነካው ይበተናል» ይባላል። የዚህ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። የመርፌው ዋና ስጋት በሳንባው ዙሪያ አየር መግባቱ ነው፤ ከናሙና በኋላ ታካሚውን ለሰዓታት የሚያቆዩትም ለዚህ ነው። ናሙና ሳይወሰድ የሚታዘዝ መድኃኒት ግን ግምት ነው።

የቲቢን ነገርም ላንሳ። ሳል፣ መክሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ደም የቀላቀለ አክታ በሁለቱም በሽታዎች ይታያሉ። አክታው ነጻ ሆኖ በራጅ ብቻ የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሁለት ወር ወስዶ ለውጥ ካላየ «ሲቲ ስካን ይታዘዝልን» ማለት መብቱ ነው። በተለይ ሲጋራ ያጨስ የነበረ ወይም ዕድሜው የገፋ ከሆነ አትቆዩ።

ጨረር፦ አንድ ስም፣ ሦስት የተለያየ ህክምና

ጨረር ሲባል ሁሉም አንድ ይመስላል። ግን በቀጠሮም በዓላማም የተለያዩ ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ለትንሽና ላልተሰራጨ እጢ የሚሰጠው ነው። ከፍተኛ መጠን ያለው ጨረር በጠባብ ቦታ ላይ ተነጣጥሮ፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ብቻ ይሰጣል። በታከመው ቦታ ላይ እጢውን የመቆጣጠር አቅሙ 90 በመቶ አካባቢ ነው። ኦፕራሲዮን ለማይችሉ አዛውንት ከዚህ የተሻለ የለም። ችግሩ ልዩ መሣሪያና ልዩ ዕቅድ መፈለጉ ነው። እጢው ገና ትንሽ ከተባለ፣ ይህ ህክምና በአገር ውስጥ የት እንደሚሰጥ ሳይጠይቁ ወደ ሌላ አማራጭ መሄድ ያስቆጫል።

ሁለተኛው ረጅሙ ነው። በደረጃ 3 ላይ ላለ፣ ደረት ውስጥ ለተስፋፋ ግን ከደረት ላልወጣ ካንሰር ይሰጣል። በተለመደው አሰጣጥ 30 ጊዜ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ስድስት ሳምንት። ዓላማው ማዳን ነው። የእኛ አገር ፈተና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ የጨረር ህክምና የነበረው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጅማን የመሳሰሉ ማዕከላት ተጨምረዋል። ከወሎ የሚነሳ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚሄደው አዲስ አበባ ነው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል። ይህን ህክምና እየተመላለሱ መውሰድ አይቻልም። ስድስት ሳምንት የሚያድሩበት ቤት፣ አብሮ የሚቆይ አስታማሚና የየቀኑ ታክሲ ያስፈልጋል። መሃል ላይ ለሳምንት መቋረጡ ደግሞ የመዳን ዕድሉን ይቀንሳል። ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለአጨዳም ተብሎ ቀጠሮ አይዘለልም።

በነዚያ ሳምንታት የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ ይረዳል። ቆዳቸው ላይ በቀለም ምልክት ይደረጋል፤ ታጥቦ እንዳይለቅ መጠበቅ አለበት። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ መዋጥ ያማል። ያን ጊዜ በርበሬው ይቅር፤ አጥሚት፣ እርጎ፣ ለስለስ ያለ ገንፎ ይሻላል። ጨረሩ ካለቀ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ የሳንባ መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይነገር። ብርድ ነው ብሎ ዝም አይባልም።

ሦስተኛው አጭሩ ነው። ቤተሰቦች በጣም ሊያውቁት የሚገባ፣ ግን ብዙም የማይወራለት ይሄኛው ነው። ለአጥንት ሕመም፣ ደም ለሚያስል፣ የአየር ቧንቧ ለተጫነ እጢ የሚሰጥ የማስታገሻ ጨረር ነው። አንድ ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ወይም አሥር ጊዜ ሊሆን ይችላል። አጥንት ላይ ለደረሰ ሕመም አንድ ጊዜ የሚሰጠው ጨረር ሕመምን በማስታገስ ከአሥር ጊዜው አያንስም። ልዩነቱ፣ አንድ ጊዜ የወሰዱት ኋላ ላይ መደገም የሚያስፈልጋቸው በብዛት መሆኑ ነው። እና ከደሴ ለሚሄድ ሰው አንድ ቀን እና ሁለት ሳምንት አንድ ናቸው? «በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሐይቅ አካባቢ የመጡ አንድ አባት ዳሌያቸው ላይ በደረሰው ካንሰር የተነሳ ወንበር ላይ ሆነው ነበር የሚሰግዱት። ጨረሩን በአንድ ቀን ወስደው ተመለሱ። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም የለም፤ እንዲያውም ሕመሙ ባሰ፣ ልጆቻቸውም «ተሸወድን» አሉ። ከዚያ ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። በወሩ ሱጁድ ማድረግ ቻሉ። ካንሰሩ አልጠፋም፤ እሳቸው ግን የፈለጉትን አገኙ።

ኬሞ፦ ደሴ ላይ ሊወሰድ የሚችለው

ኬሞ ከጨረር የሚለይበት ትልቁ ነገር መላ ሰውነትን መድረሱ ነው። ስለዚህ ለደረጃ 4 እና ለስሞል ሴል ዋናው መሣሪያ ነው። ከአኗኗር አንጻርም ይቀላል። በብዛት በየ21 ቀኑ አንድ ዙር፣ በጠቅላላው ከ4 እስከ 6 ዙር ነው። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የካንሰር ክፍል አለው። ከወልድያም ከኮምቦልቻም ለሚመጣ ሰው ይህ አዲስ አበባ ከመክረም ጋር አይወዳደርም። ዕቅዱ አዲስ አበባ ቢወጣም «ዙሮቹን ደሴ መውሰድ እንችላለን?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ወጪና እንግልት ያድናል።

ኬሞ ሲባል በአብዛኛው ሁለት መድኃኒት በአንድ ላይ ነው። አንዱ ሲስፕላቲን ወይም ካርቦፕላቲን ይሆናል። ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ይለያል። ሲስፕላቲን ማቅለሽለሹ ይከብዳል፣ ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል፤ ብዙ ጉሉኮስ ስለሚያስፈልገው ቀኑን ሙሉ ያስተኛል። ካርቦፕላቲን ለነዚህ ይቀላል፤ የደም ሴሎችን፣ በተለይ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕሌትሌትን፣ የበለጠ ያወርዳል። ኩላሊታቸው ለደከመ ወይም ጆሯቸው ለከበደ ታካሚ ካርቦፕላቲን ይመረጣል። ለማዳን ታስቦ ለሚሰጥ ህክምና ግን አቅም ካለ ብዙ ሐኪሞች ሲስፕላቲንን ያስቀድማሉ። አጣማሪው ፓክሊታክሴል፣ ጀምሲታቢን ወይም ፔሜትሬክሴድ ሊሆን ይችላል፤ ለስሞል ሴል ኢቶፖሳይድ ነው። ፔሜትሬክሴድ ከታዘዘ ፎሊክ አሲድና የቢ12 መርፌ ከመጀመሩ በፊት መወሰድ አለባቸው። እነሱን መዝለል ጉዳቱን ያበዛዋል።

ስሞል ሴል በኬሞ ፈጥኖ ይቀንሳል። ትንፋሽ አጥሮት የመጣ ሰው ከአንድ ሁለት ዙር በኋላ ደረጃ ሲወጣ ታያላችሁ። ያን ጊዜ «ድኗል» ብሎ ማቋረጥ ያጓጓል። ይህ ካንሰር በብዛት ተመልሶ ይመጣል፤ ዙሩ ይጠናቀቅ። ደረት ውስጥ ብቻ ከተገኘ ደግሞ ጨረር አብሮት ሊሰጥ ይገባል።

አንድ ዕቃ ግዙ፤ ቴርሞሜትር። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። ትኩሳት 38 ከደረሰ ፓራሲታሞል ውጦ ማደር የለም። በዚያው ሰዓት በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ ካርዱን አሳይታችሁ «ኬሞ ላይ ናቸው» ማለት አለባችሁ። በነዚያ ቀናት ጠያቂ ይቀነስ። ወሎ ውስጥ ይህ ከባድ ነው፤ ታሞ ያልተጠየቀ ሰው እንደተረሳ ነው የሚቆጠረው። ግን «አብሽር» በስልክም ይባላል። ጉንፋን የያዘው ሰው በር ላይ ዱዓ አድርጎ ይመለስ።

ሁለቱ አብረው ወይስ ተራ በተራ?

ለደረጃ 3 ኬሞና ጨረር በአንድ ጊዜ ሲሰጡ ተራ በተራ ከመስጠት የተሻለ ውጤት አላቸው። የሚያስከፍለው ዋጋም አለ፤ የጉሮሮው ቁስለት ይከፋል፣ ድካሙ ይበረታል። አቅም ያላቸው፣ ክብደታቸው ብዙ ያልወረደ፣ አዲስ አበባ የሚያስጠጋ ዘመድ ያላቸው ከሆኑ አብሮ መውሰዱን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። ከከሱ፣ ብቻቸውን ከሆኑ ወይም የጨረር ወረፋው ከራቀ፣ ኬሞውን ደሴ ጀምሮ ጨረሩን ማስከተል ይሻላል። ወረፋ እየጠበቁ ባዶ እጅ መቀመጥ ግን ከሁለቱም ይከፋል። በውጭ አገር ከዚህ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ዱርቫሉማብ የሚባል መድኃኒት ይጨመራል፤ ወደ እሱ ዓይነቱ አሁን እመጣለሁ።

እንክብሉና ኢሚዩኖቴራፒው

ዘመድ ከውጭ ደውሎ «እዚህ ኬሞ የለም፣ በእንክብል ነው የሚታከሙት» ይላል። ልክ ነው፣ ግን ለሁሉም አይደለም። አንዳንድ እጢዎች ኢጂኤፍአር ወይም ኤኤልኬ በሚባሉ የጂን ለውጦች የሚመሩ ናቸው። ለነሱ ጌፊቲኒብ፣ ኤርሎቲኒብ፣ ኦሲመርቲኒብ፣ አሌክቲኒብ የመሳሰሉ እንክብሎች አሉ። ለውጡ ያለው ሰው ከኬሞ የበለጠ ይጠቀማል፤ እንክብሉንም ቤቱ ሆኖ ይወስዳል። ለውጡ የሌለው ሰው ግን ገንዘቡንም ጊዜውንም ነው የሚያጣው። ስለዚህ ሳይመረመሩ አትግዙ፤ ይህን አጥብቄ እላለሁ። ለውጡ ሲጋራ አጭሰው በማያውቁ፣ በተለይ በሴቶች ላይ፣ ከኖን ስሞል ሴል አንዱ በሆነው፣ አዴኖካርሲኖማ በሚባለው ዓይነት ይበዛል። እናታችሁ አጭሰው የማያውቁ ሆነው አዴኖካርሲኖማ ከተባሉ፣ ናሙናው ለዚህ ምርመራ እንዲላክ መጠየቅ ወጪው የሚገባው ነገር ነው።

ከእንክብሎቹ መካከልስ? ኢጂኤፍአር ላለበት ሰው ኦሲመርቲኒብ ይበልጣል። ፊት ለፊት ሲወዳደሩ በሽታውን ለ19 ወር ያህል ገትቶ ሲይዝ፣ የቀድሞዎቹ 10 ወር ያህል ገትተው ይዘዋል። ዋጋው ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ አይቀመስም። ጌፊቲኒብና ኤርሎቲኒብ ሕንድ ውስጥ በጄኔሪክ (ያው መድኃኒት በሌላ ኩባንያ ተሠርቶ) ይሠራሉ፣ ይረክሳሉም። ኤርሎቲኒብ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ለሦስት ወር ብቻ የሚበቃ ውድ መድኃኒት ከመጀመር ሳይቋረጥ የሚገኘውን መያዝ ይሻላል። ፊት ላይ ብጉር የመሰለ ሽፍታ ይወጣል፣ ተቅማጥ ይመጣል፣ የጥፍር ዳር ይቆስላል። አለርጂ መስሏችሁ አታቁሙት፤ ለሐኪሙ ንገሩት።

ኢሚዩኖቴራፒ ሌላ ነው። የሰውነትን የመከላከል አቅም ካንሰሩ ላይ ያነሳሳል። ፔምብሮሊዙማብን የመሳሰለው በደም ስር በየሦስት ሳምንቱ ይሰጣል። ናሙናው ላይ ፒዲኤል1 የሚባለው ምልክት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ለአንዳንዶች ዕድሜያቸው ላይ ዓመታት ይጨምራል፤ አጫሾች ላይም በደንብ ይሠራል። ኢጂኤፍአር ያለባቸው ላይ ግን ደካማ ነው። ሁለቱን ማደባለቅም አደጋ አለው፤ ኢሚዩኖቴራፒ ወስዶ ወዲያው ኦሲመርቲኒብ የጀመረ ሰው ሳንባው ሊቆጣ ይችላል። የጂን ምርመራው ውጤት ሳይመጣ ኢሚዩኖቴራፒ ለመጀመር አትቸኩሉ። ይህን ለማግኘት በሬና ላም ሸጦ፣ መሬት በኮንትራት ሰጥቶ አንድ ሁለት ዙር ወስዶ የሚቆም ሰው አለ። ሙሉውን መጨረስ ካልተቻለ ያ ገንዘብ ለጨረሩ የአዲስ አበባ ቆይታ ቢውል እመርጣለሁ።

ማስታገሻ ህክምና የመጨረሻ አማራጭ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2010 ቦስተን ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ነበር። የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ላለባቸው ሰዎች ማስታገሻ ህክምናን ከመጀመሪያው ከኬሞው ጎን ለጎን ሰጡ። እነዚህ ሰዎች የተሻለ ኑሮ ብቻ ሳይሆን ረዘም ያለ ዕድሜም አገኙ፤ 11.6 ወር ከ8.9 ወር ጋር ሲነጻጸር። ስለዚህ ሞርፊን የተሸናፊ መድኃኒት አይደለም። ሕመምን ብቻ ሳይሆን የትንፋሽ ጭንቀትንም ያቀላል። በሐኪም መጠን ለሕመም የሚወሰድ ሞርፊን ታካሚውን ሱሰኛ ያደርገዋል ብላችሁ አትፍሩ። የሚያደርቀው ሆድ ነው፤ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዝ።

በሳንባ ዙሪያ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ መቅዳት ወዲያው ያስተነፍሳል። በሳምንት ተመልሶ የሚሞላ ከሆነ ግን ደጋግሞ ከመቅዳት፣ በቱቦ አውጥቶ ታልክ በሚባል ዱቄት በሳንባ ዙሪያ ያሉትን ሁለት ሽፋኖች ማጣበቅ ይቻላል። ጠይቁ።

መንገዱ፣ ጾሙ፣ ጥቁር አዝሙዱ

ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው የቦታው ከፍታ ለውጥ አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለ እዚያ መቆየት ትንፋሹን ሊያቀልለት ይችላል። ወደ አዲስ አበባ በመኪና ሲኬድ ደግሞ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ኦክስጅኑን በጣት መለኪያ አስለኩ፤ ዝቅ ካለ በኦክስጅን ስለመጓዝ ሐኪሙን አማክሩ። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። ናሙና በተወሰደ ማግስት ግን ሐኪም ሳይፈቅድ አይበረርም።

የጤና መድን ደብተሩ በየዓመቱ ይታደስ፤ ሪፈሩም በተዋረድ ይሁን። ከጤና ጣቢያ ዘልሎ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል።

ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ህክምናውን እስካላስቆመ ድረስ የሚከለክል የለም። የሚጠጣ ቅጠልና በማንኪያ የሚወሰድ ጥቁር አዝሙድ ግን ለሐኪሙ ይነገር። አንዳንዱ የመድኃኒቱን ሥራ ይቀይራል፣ አንዳንዱ ጉበት ላይ ይከብዳል። ጾምን በተመለከተ፣ በኬሞና በጨረር ወቅት ክብደት መውረድ ህክምናውን ያስቆማል። ሸኹም ቄሱም ለታመመ ሰው ያለውን ፈቃድ ያውቃሉ፤ ከሐኪሙ ቃል ጋር እነሱን ጠይቁ። በቀን አንዴ የሚወሰድ እንክብል ከአፍጥር ወይም ከሱሁር ጋር ሊስማማ ይችላል። ኤርሎቲኒብ ግን በባዶ ሆድ ነው፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ።

ሲጋራ ደግሞ አሁንም ይቁም። «ከዚህ በኋላ ምን ይጠቅማል?» አይባልም። የሚያጨስ ሰው ላይ የጨረርም የኬሞም ጉዳት ይበረታል፤ ኤርሎቲኒብም ደም ውስጥ በበቂ አይቆይም።

የትኛውንም ብትመርጡ ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ። በኬሞ ላይ ሆኖ 38 ዲግሪ ትኩሳት። የጀርባ ሕመም ይዞ እግር መክበድ ወይም ሽንት አለመታዘዝ። ፊትና አንገት ማበጥ፣ የአንገት ስሮች መገተር። አንድ ማንኪያ ያህልና ከዚያ በላይ ደም ማሳል። ከነዚህ አንዱ ከመጣ ሌሊትም ቢሆን መኪና ተፈልጎ ሆስፒታል ይገባል፤ በተለይ የእግሩ መክበድ ከቆየ እንደገና መራመድ አይቻልም።